የአዴ ሩቂያ የአፈር ጣሳ

አዴ ሩቂያ መሞቷን የሰማሁት ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ኮንቴይነር ጥላ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ነው። የደወለችልኝ ጽጌ ናት። ጅቡቲ ሳለሁ አንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የምትተዳደረው በሰው ቤት ሠራተኝነት ነው። ጽጌ በደህናው ጊዜ ስልክ ከያዘች ካርዷ ካላለቀ አትለቅም። ያን ቀን ግን «ደሬ፣ አዴ ሩቂያ አረፈች» ብቻ አለች። ምሳዬን ከደንኩና ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ውሻውስ?» የሚል ነበር።

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። አዲሶቹ አሠሪዎቿ ውሻ ከበራቸው አያስገቡም፤ እሷም ያን ጠዋት ለለቅሶ አስፈቅዳ ከመውጣቷ በቀር የምትወጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ለቀብር ከድሬዳዋ የመጡት ዘመዶች ተከራዮቹን አሰናብተው፣ ፍየሎቿን ሸጠው፣ ግቢውን ቆልፈው፣ ውሻውን እዚያው ትተው፣ ቁልፉን ለጎረቤቱ ለሮብሌ ሰጥተው ያን ዕለት ጠዋት ተመልሰዋል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ውሻን እንደ ሮብሌ የሚጠላ ሰው አልነበረም። «በዚህ ሙቀት እስከ አርብ ውሃ የሚሰጠው ካላገኘ አለቀለት» አለች። እኔ ሞጆ ተቀምጬ ምን ላድርግ? «አይዞሽ» አልኳት፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አርብ እስኪደርስ ሥራዬን እየሠራሁ ሐሳቤ ከአዴ ሩቂያ ደጃፍ አልተነሳም።

ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥን ሴት «አለች፣ አረፈች» እያልኩ ስጽፍ አሳዳጊ የበደለኝ አይምሰላችሁ። አንቱታን የከለከለችኝ ራሷ ናት። የድሬ ልጅ ነበረች፤ የድሬ ሰው ደግሞ ትንሹንም ትልቁንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። ቤት ልከራይ የሄድኩ ቀን «እንደምን ዋሉ? የሚከራይ ክፍል አለዎት ሲሉ ሰምቼ ነው» ብላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው እንዳለ አየችና «ስንት ሆኜ ታየሁህ አቦ? ብቻዬን እኮ ነኝ» አለችኝ። ቀጥላም «አዴ በለኝ፣ አንቺ በለኝ፣ ስትገባ ስትወጣ ደግሞ በሩን ዝጋ» አለች። አዴ በነሱ ዘንድ እናት እንደ ማለት ነው።

ረጅምና ቀጭን ነበረች። ቁልፎቿን በክር አስራ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥላቸው ከማየታችን በፊት መምጣቷን እንሰማ ነበር። አባቷም አያቷም በባቡሩ ዘመን ከድሬ ጅቡቲ ጨርቅ ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷም ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ባሕር ማዶ ሄደው፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር በቆርቆሮና በእንጨት የተሠራ ግቢዋን እያከራየች ከሁለት ፍየሎቿ ጋር ትኖር ነበር። ግቢው መሐል አንድ የኒም ዛፍ አለ። እኔ ዶራሌ ወደብ የከባድ መኪና ጭነት የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለምሠራ «ትራንዚት» ብላ ነበር የምትጠራኝ፤ ደረጄ የሚለው ስሜ ግቢው ውስጥ ጭራሽ ተረስቶ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ተቆጥቶ ሲመጣባት አትከራከርም። «ልክ ነህ» ትላለች። ሰውየው ሊጣላ ያዘጋጀው ጉልበት መውደቂያ ሲያጣ፣ ቀጥላ «እንግዲህ እንዴት እናርገው?» ትላለች። ፍየሏ ካልሲዬን ከገመድ ላይ አውርዳ የበላች ቀን እኔም በዚሁ ዘዴ ነው የተረታሁት። ልጣላ ሄጄ የልብስ ገመዱን አብሬያት ከፍ አድርጌ ሰቅዬ ተመለስኩ።

ውሻው የመጣው በጽጌ ነው። ጽጌ ያን ጊዜ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች ባንዱ፣ ከፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድር ነበር። ጅቡቲ መጥቶ የሚሄድ ሰው የሚበዛባት ከተማ ናት። የሚሄዱት ሶፋውን ይሸጣሉ፣ ፍሪጁን ለሠራተኛዋ ይሰጣሉ፣ ውሻና ድመቱ ላይ ሲደርሱ ግን ግራ ይገባቸዋል። የጽጌ አሠሪዎች የሚሄዱበት አገር ውሻ ለማስገባት ሕጉ ብዙ ሆነባቸው መሰለኝ፣ ልጆቹ አንገቱን አቅፈው እያለቀሱ ለሷ ትተውት ሄዱ። እንዲህ ሆኖ ነው ጽጌ ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ የውሻውን ማሰሪያ በሌላው ይዛ ከአዴ ሩቂያ በር ላይ የቆመችው። ውሻው ቡናማ፣ ጠጉራም ነው። ካራሜል ነበር ስሙ፤ የሰፈሩ ልጆች ባንድ ቀን ከረሜላ አደረጉት።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ምልልሳቸውን ሰምቻለሁ።

«ተከትቧል?» አለች አዴ ሩቂያ ከደጃፏ ሳትነሳ።

«አዎ አዴ፣ አምና።»

«አምና አልፏል። ይታደሳል። ይነክሳል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ጥርስ የለውም?»

«ጥርስማ አለው...»

«ይነክሳል እንግዲህ። ሰው ሲበዛ ታስሪዋለሽ።»

ጽጌ አንገቷን ደፍታ «እንደ ልጄ ነው የምወደው» አለች፤ ይህን ስትሰማ የምትራራላት መስሏት ነው።

«መውደዱን ተይው እህቴ። የወደዱትማ ትናንት በአውሮፕላን ሄዱ። ውሃ ትሰጪዋለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

እንዲህ ብላ አስገባቻቸው። በማግሥቱ ከበሩ አጠገብ፣ ከቧንቧው በላይ፣ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ በሽቦ ተንጠለጠለ። በወንፊት የተነፋ ንጹሕ አፈር ተሞልቶበታል፤ ከሥሩም ጆግ ተቀምጧል። ለተከራዩም ለጎረቤቱም ነገሩን ራሷ አስረዳች፤ «ደረቅ ለደረቅ ከነካችሁት ምንም የለበትም። ምራቁ የነካው ሰው ግን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። አፈር የለም፣ ውሃ የለም እንዳትሉኝ፣ ይኸው።» ይህ የእስልምና ሥርዓት ነው፤ ጽጌና እኔ ክርስቲያን ስለሆንን ጣሳው እኛን አይመለከተንም። አዴ ሩቂያ ግን አርብ በመጣ ቁጥር አፈሩን እያየች ጎደል ካለ እስከ አፉ ትሞላው ነበር። ራሷ ውሻውን ለመንካት አንድም ቀን እጇን አልዘረጋችም። አንድ ጊዜ ውሃ ስትቀዳለት አይቼ «አዴ፣ ወደድሽው እንዴ?» ብላት በሰፊው ሳቀችብኝ። «አልወደውም። ውሻ ወድጄ አላውቅም። ግን በሬን አልፎ ገብቷል፣ አሁን ምን ይሁን?»

ጣጣው የጀመረው ክትባቱን ለማሳደስ ሲኬድ ነው። ሮብሌ ባለታክሲ ነው፤ ግቢያችንንና የሱን ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። አማርኛውን ከኢትዮጵያ ሹፌሮች የለቀመው በመሆኑ መጀመሪያ የተማረው ስድቡን ነው፤ ሰላምታው በኋላ ነው የመጣለት። አዴ ሩቂያ ውሻውን አሳፍርልን ስትለው በድንጋጤ ሁለት እጁን አነሳ። «ኤይ ታክሲዬ ውስጥ? ሶላት የሚሄድ ሰው እዚያ ይቀመጣል አዴ! ቯላ!» ኤይ በሶማሊኛ ውሻ ነው፤ ቯላ ደግሞ በፈረንሳይኛ ‹ይኸው ነው› እንደ ማለት።

«ልክ ነህ» አለችው። እንግዲህ እንዴት እናርገው የሚለውን ለጽጌ ነው ያዞረችው። አስፋልቱ ሳይግል፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሁለቱም በእግራቸው ወሰዱት። ጽጌ ማሰሪያውን ይዛ ከፊት፣ አዴ ሩቂያ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ራቅ ብላ ከኋላ።

ከዚያ አንድ ክፉ ነገር ሆነ። ከኛ ራቅ ባለ ሰፈር ባለቤት የሌለው ውሻ አንድ ሕፃን ነከሰ፤ ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካርቲየ ሁለትን አዳረሰው። ሮብሌ የሰፈር ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ጽጌ ከኩሽናው በር ላይ ውሻውን በሁለት እግሮቿ መሐል ይዛ ቆማለች። ውሻው ከወጣ መንገድ ላይ ካሉት አንዱ መሆኑ ነው፤ መንገድ ላይ ያሉት ደግሞ ዕድሜ የላቸውም። እሷም ጥላው ስለማትቀር አብራ መውጣቷ ነው፤ የምትገባበት ግን የላትም።

«ልጅ አለ አዴ» አለ ሮብሌ። «የኔም አለ፣ የሱም አለ። ዛሬ እዚያ ነከሰ፣ ነገ እዚህ።»

«ልክ ነህ» አለች አዴ ሩቂያ። ልታስወጣው ነው ብዬ ሰጋሁ። «ልጅ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ቀን ይታሰራል። ሲወጣ አፉ ተለጉሞ፣ በማሰሪያ ነው። ቆሻሻውን ከመንገድ ጽጌ ታነሳለች። አንድ ቀን ቢነክስ ደግሞ እሷን አትጠይቁም። እሷ የሰው አገር ሰው ናት፣ ምን ትመልስላችኋለች? እኔን ጠይቁ። ውሻው የሷ ነው፣ በሩ የኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ረክተው ሊነሱ ሲሉ ሮብሌ አልለቀቀም። «ሕግ ነው ካልሽ እሺ። ፍየሎችሽስ? ፍየሎችሽ የታክሲዬን ወንበር በሉ!»

እውነቱን ነው። የጅቡቲ ፍየል ጠዋት ከቤቷ ወጥታ ከተማውን ስትዞር፣ ካርቶን ስትበላ ውላ ማታ ራሷ የምትገባ ናት፤ ባለቤቷን የሚጠይቅም የለም። ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ሄዱ። በማግሥቱ ሁለቱ ፍየሎች ከኒሙ ግንድ ላይ ታስረው አገኘናቸው።

እንግዲህ በዕድሜዋ ታስራ የማታውቅ የከተማ ፍየል ስትታሰር ሰምታችሁ እንደሆን አላውቅም። ከጠዋት እስከ ማታ ነው የጮኹት። የሚጮኹት ደግሞ ሮብሌና ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ጫት ሊቅሙ በርጫ ከሚቀመጡበት ቆርቆሮ ሥር ነው። ምርቃናቸው ሁሉ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ ሮብሌ ከጫቱ የተረፈውን ገረባ በፌስታል ይዞ ለፍየሎቹ አምጥቶ፣ «አዴ፣ በአላህ፣ ፍቺያቸው» ብሎ ለመነ።

«አይሆንም አቦ። ውሻውን አስሬ ፍየሌን ብለቅ ሰው ምን ይለኛል? ገረባውን ግን አምጣ።»

ከዚያ ወዲያ ገረባው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ፍየሎቹም ዝም አሉ።

አዴ ሩቂያ ሕግ አክባሪ እንደነበረች አውርቼ ብጨርስ ግን ዋናውን ነገር ደበቅኳችሁ ማለት ነው። የማልረሳት ለዚያ አይደለም።

በጋው ከፍቶ፣ ካምሲን የሚሉት ንፋስ አሸዋውን እያነሳ ከተማውን በሚጠብስበት ሰሞን ነው። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ክፍሌ ውስጥ ተኝቻለሁ። ጽጌ ቀን ቀን ልብስ የምታጥብበት ቤት ሄዳለች። መብራት ጠፍቷል። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የቁልፎች መንኳኳትና የአዴ ሩቂያ ጩኸት ነው፤ ለምሳ ሱቋን ዘግታ መግባቷ ነበር። ወጥቼ ሳይ ከረሜላ ከኒሙ ሥር ተዘርሯል። ምላሱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ተገልብጧል። ጠዋት ሲታሰር ጥላ ላይ ነበር። ጥላው ግን በቀትር ዞሮ ሄደ፣ የውሻው ገመድ ደግሞ አጭር ነው። የውሃ ሳህኑም ከጥላው ጋር ወዲያ ማዶ ቀርቷል። ይህ ውሻ ዕድሜውን በኤሲ ቤት የኖረ ነው።

አዴ ሩቂያ ቁጭ አለች። ትኩስ አሸዋው ላይ፣ በዚያ ንጹሕ ቀሚሷ፣ ቁጭ ብላ የውሻውን ራስ ታፋዋ ላይ አደረገች። ሻርፗን አውልቃ እኔ ያመጣሁላትን ውሃ አርከፈከፈችበትና ሆዱን፣ ጆሮውን፣ መዳፉን ታብስ ጀመር። «ትራንዚት፣ ውሃ! ጨምር!» ትለኛለች። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ዞራ «ሮብሌ! በረዶ!» ብላ ጮኸች። ሮብሌ ለበርጫው ሁሌ በረዶ እንዳለው ታውቃለች። እያለከለከ የበረዶ ዕቃውን ተሸክሞ በሩ ላይ ደረሰና ያየውን አይቶ ቆመ።

«ለውሻው ነው?» አለ።

«ለኔ ነው» አለችው። «አምጣ።»

አመጣ። አስቀምጦም አልሄደም።

ብዙ ቆይቶ ውሻው መተንፈስ ያዘ። ዓይኑ ተመለሰ። ራሱን ትንሽ ቀና አደረገና እጇን ላሰ። አዴ ሩቂያ እጇን አላሸሸችም፤ እስኪበቃው ዝም ብላ ጠበቀችው። እኔ ያን ሳይ እንባዬ መጣ፤ ለውሻ አለቅሳለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ከዚያ ተነስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሮብሌ ተከትሏት ጆጉን አነሳና ያፈስላት ጀመር። መጀመሪያ ከጣሳው አፈር ዘግና እጇን ፈተገች፤ የቀረውን በውሃ፣ ሳትቸኩል።

«አዴ» አለ ሮብሌ በዝግታ፣ «ነካሽው እኮ።»

«ነካሁት። የማይነካ ቢሆንማ ኖሮ፣ እንዴት እንደሚታጠቡ ለምን ይነገረን ነበር?»

ሮብሌ ጆጉን እንደገና ሞላ። ውሃውን እስኪያልቅ አፈሰሰላት። እሷ ቀሚሷን ልትቀይር ስትገባ ግን ከበሩ ላይ ዞር ብላ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥላ እንደሚሄድ ረሳሁት።» በዚያው ቀን ከኒሙ እስከ ኩሽናው ግድግዳ ሽቦ አስወጠረችኝ፤ የማሰሪያው ቀለበት ሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ውሻው ከጥላው ጋር እንዲሄድ ነው። ለፍየሎቹም እንዲሁ ተደረገላቸው።

እኔ ሥራ ቀይሬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ጽጌም ኋላ እንደ ድሮው የሰው ቤት አዳሪ ሆና ተቀጠረች። ሄዳ ልትቀጠር ስትል አስቀድማ አዴ ሩቂያ እግር ላይ ወድቃ «እኔም እንደነሱ ጥዬው ልሄድ ነው» ብላ አልቅሳ ነበር፤ ይህን በስልክ የነገረችኝ እሷ ናት። አዴ ሩቂያ «ልክ ነሽ፣ ጥለሽው ነው የምትሄጂው» አለቻት፤ እንደ ልማዷ አልሸነገለቻትም። «አርብ አርብ ነይና እጠቢው። ውሃው የኔ ነው።»

እንግዲህ ያ ውሃ ነው አሁን ባለቤት ያጣው። ሰው ሲሞት ዕቃው ወራሽ አለው፣ ቤቱ ወራሽ አለው። አንድ ሳህን ውሃ በየማለዳው የመሙላትን ነገር ግን ማን ይወርሳል? ድፍን ሳምንቱን ይህንኑ ሳሰላስል ሰነበትኩ። አርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲጮህ ለማንሳት ፈርቼ ነበር።

«ደሬ» አለች ጽጌ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ግቢው ውስጥ ነኝ።»

«አለ?»

«አለ! ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው። ሳህኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው ደሬ። በረዶ አለበት።»

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፣ አጠገቤ ያሉት ሹፌሮች ዞረው አዩኝ። «ሮብሌ ነው?»

«ማን ይሆናል ሌላ? ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። ሄጄ ላመሰግነው ስል ተቆጣኝ። ‹እኔ ኤይ አልነካም! ውሃ ብቻ አስቀምጬ ነው የምወጣ፣ ለአዴ ሩቂያ ስል!› አለኝ። ልጆቹ ፊት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።»

«እሺ፣ ውሃው ይበቃል» አልኳት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች። «ለቅሶ የመጣሁ ዕለት፣ ዘመዶቹ ሊሄዱ ሲሉ፣ ጣሳው ጎድሎ አገኘሁትና እሷን አስቤ እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። በወንፊት ነፍቼ፣ እሷ እንደምታደርገው። ከዚያ ወዲህ ግቢው ተቆልፎ ነው የከረመው፤ ከሮብሌ በቀር ማንም አልገባም።»

«እና?»

«አሁን ጣሳው ሥር ቆሜያለሁ» አለች ጽጌ። ታለቅስ ይሁን ትስቅ መለየት አልቻልኩም። «አፈሩ ከግማሽ በታች ነው ደሬ።»